ስልኩን የሚገዛውና ስልኩን የሚይዘው

የቢዝነስ ስልክ የሚሠሩ ኩባንያዎች በተች ስልክ ሊሳካላቸው ይችላል ወይ? ጥያቄው ጊዜው ያለፈበት ይመስላል። ብላክቤሪ ስልክ መሥራት ካቆመ ቆየ። የኖኪያ የቢሮ ስልኮችም ከሱቅ መደርደሪያ ወርደዋል። ዛሬ ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ሚኒስትሩም የሚይዙት ያው ባለመስታወት ስልክ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ "አልቻሉም፣ አለቀ" ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ማለፍ አልቻልኩም። የምኖረው ጅማ ነው። የምሠራው ደግሞ ከቡና ገበሬዎች መረጃ ከሚሰበስቡ ወጣቶች ጋር ነው። ማሳ ይለካሉ፣ ስም ይመዘግባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ሁሉንም የሚሠሩት በስልክ ነው። ስልኩ ሲያስቸግር ሥራው ይቆማል፤ ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የሥራ ስልክ ምን ዓይነት መሆን አለበት የሚለው ነገር ዘንድሮም ያከራክረናል።

የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። እነዚያን ትልልቅ ኩባንያዎች የጣላቸው ተች ስክሪን ነው ብዬ አላምንም። ስልኩን የሚገዛውን ቢሮ ሲያዩ፣ ስልኩን የሚይዘውን እጅ አለማየታቸው ነው። እጁን ያዩት በተች ስክሪን ተሳክቶላቸዋል። ዛሬም እየሸጡ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የኩባንያዎቹ ታሪክ የሚነገረው በዚያ ስለሆነ።

ማይክ ላዛሪዲስና ዳግላስ ፍሬጊን በ1984 ካናዳ ውስጥ፣ ዋተርሉ ከተማ፣ ኋላ ስሙን ብላክቤሪ ያለውን፣ ሪሰርች ኢን ሞሽን የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። በ1992 ጂም ባልሲሊ ተቀላቀላቸው። ላዛሪዲስ መሐንዲሱ፣ ባልሲሊ የንግዱ ሰው ሆነው ኩባንያውን ለረጅም ጊዜ አብረው መሩት። በ1999 ብላክቤሪ 850 የምትባል ትንሽ መሣሪያ አወጡ። ስልክ አትደውልም። ኢሜይል ግን ትቀበላለች፤ በሁለት አውራ ጣት መልስ ይጻፍባታል።

ያን ጊዜ ኢሜይል ለማየት ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነበረብህ። ብላክቤሪ ላይ ግን ኢሜይሉ ራሱ መጥቶ ኪስህ ውስጥ ይገባል። አሠራሩም ለቢሮ የተሰፋ ነበር። ድርጅቱ በራሱ ግቢ ሰርቨር ይተክላል። መልእክቱ በምስጢር ኮድ ተቆልፎ፣ መጠኑ ተጨምቆ፣ በኩባንያው ኔትወርክ በኩል ወደ ስልኩ ይሄዳል። ስልኩ ቢጠፋ የኮምፒውተር ክፍሉ ከሩቅ ሆኖ ያለበትን ሁሉ ያጠፋዋል። ለባንክ፣ ለጠበቃ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ባራክ ኦባማ በ2009 ኋይት ሀውስ ሲገቡ ብላክቤሪያቸውን አልለቅም ማለታቸው የዓለም ወሬ ሆኖ ነበር።

ልብ በሉ፤ በዚህ ንግድ ውስጥ ስልኩን የሚመርጠው ሠራተኛው አይደለም። የኮምፒውተር ክፍሉ ይመርጣል፣ ፋይናንስ ይከፍላል፣ ሠራተኛው ይረከባል። ኩባንያው የሚያስደስተው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ሦስተኛው የተሰጠውን ይይዛል።

ይህን የምለው ሰዎቹን ለማጣጣል አይደለም። ዳታ መቆጠብ፣ ባትሪ መቆጠብ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ መሥራት ያወቁበት ነበር። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት የጅማ ዞን የጌራ ገጠር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ሰው ይህ እውቀት ወርቅ ነው። ዛሬ ያሉት ስልኮች ያን ቁጥብነት ቢወርሱት ምናለ እላለሁ።

ከዚያ ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 መጣ። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ አይፎንን አሳየ። የማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር በቃለ መጠይቅ ስለ አይፎን ተጠይቆ ሳቀ። ዋጋው ውድ ነው፣ ቁልፍ ስለሌለው የቢዝነስ ሰው አይፈልገውም፣ ለኢሜይል አይመችም አለ። ዛሬ ብዙዎች በዚህ ንግግር ይቀልዱበታል። እኔ ግን ምክንያቱ ይገባኛል። የመጀመሪያው አይፎን ሦስተኛ ትውልድ ኔትወርክ አልነበረውም። ሌላ ሰው የሠራው አፕ አይጫንበትም። ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ እንኳ አይቻልበትም ነበር፤ ይህ የመጣው በ2009 ነው። ቢሮን ወክሎ ለሚያይ ሰው አይፎን በእርግጥ የቢሮ ስልክ አልነበረም።

ሠራተኛው ግን ወደደው። ገጽ ይከፍትበታል፣ ካርታ ያይበታል፣ የልጁን ፎቶ በጣቱ እየገፋ ያሳይበታል። በጁላይ 2008 አፕል የድርጅት ኢሜይል የሚቀበልና ሲጠፋ ከሩቅ የሚሰረዝ ሶፍትዌር አወጣ፤ የአፕ መደብሩንም በዚያው ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው የራሱን ስልክ ይዞ ቢሮ መጣና "የሥራ ኢሜይሌን እዚህ ላይ አስገቡልኝ" አለ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ባዩ አለቃው ራሱ ነበር። አለቃን እምቢ የሚል የኮምፒውተር ክፍል የት ይገኛል? ስልኩን የሚይዘው ሰው መራጭ ሆነ። የቢዝነስ ስልክ ሠሪዎቹ ለዓመታት ያወሩት ከሌላ ሰው ጋር ነበር።

የብላክቤሪ መልስ ስቶርም ይባላል። በደንብ ሊታይ የሚገባው ስልክ ነው፤ የጥያቄያችን መልስ ግማሹ እሱ ውስጥ አለ።

አይፎን በአሜሪካ የሚሸጠው ኤቲ ኤንድ ቲ በሚባለው የስልክ አገልግሎት ኩባንያ በኩል ብቻ ነበር። ተፎካካሪው ቬራይዘን የሚመክትበት ስልክ ፈለገ። ብላክቤሪ ያለ ቁልፍ፣ ሙሉ መስታወት ስልክ ሠርቶ በኖቬምበር 2008 አወጣ። መሐንዲሶቹ የቁልፍን ጥቅም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ቁልፍ ሲጫኑት ቀጭ ይላል፤ ጣት መጻፉን ያውቃል፤ ዓይን ሌላ ቦታ ማየት ይችላል። ይህን ስሜት ማጣት አልፈለጉም። ስለዚህ መስታወቱን በሙሉ አንድ ትልቅ ቁልፍ አደረጉት። ፊደሉን በጣትህ ትነካዋለህ፤ ይበራል። ከዚያ መስታወቱን ወደ ውስጥ ትጫነዋለህ፤ ቀጭ ይላል፤ ፊደሉ ይጻፋል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ሐሳብ ነው። በእጅ ሲያዝ ግን ሌላ ነው። መስታወቱ አንድ ስለሆነ፣ አንዱን ፊደል ተጭነህ ተመልሶ እስኪነሳ ሁለተኛውን መጫን አትችልም። በሁለት አውራ ጣት መሮጥ የለመደ የብላክቤሪ ሰው እግሩ እንደታሰረ ሆነ። ዋይፋይም አልነበረውም። ለቁልፉ ስሜት ሲሉ የቁልፉን ፍጥነት ሠዉት። በዓመቱ ስቶርም 2 ብዙውን አስተካክሎ፣ ዋይፋይም ጨምሮ ወጣ። ስሙ ግን ተበላሽቶ ነበር።

የስቶርም ጥፋት ተች መሆኑ አይመስለኝም። ግማሽ ልብ መሆኑ ነው። መስታወት ሊሰጠን የሚችለው ትልቁ ነገር መልኩን እንደየሥራው መቀያየሩ ነው። ስቶርም መስታወቱን ወስዶ እንደገና ቁልፍ አደረገው። ያልተጠየቀው ጥያቄ፣ "መስታወት ቁልፍ ሊሠራው የማይችለውን ምን ይሠራል?" የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ጅማ ላይ ብትጠይቁት መልሱ ሩቅ አይደለም። ፈረንጆቹ ስለ ቁልፍና ስለ መስታወት ሲከራከሩ የእኛን ፊደል አስበውት አያውቁም። የእነሱ ፊደል ሃያ ስድስት ነው፤ በትንሽ ስልክ ላይ ይደረደራል። የእኛ ሠላሳ ሦስት ቤተሰብ በሰባት ቢባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በፕላስቲክ ቁልፍ ላይ የት ይታተማል? ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 ነው። ብላክቤሪ 850 በወጣበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። በባለቁልፍ ስልኮች ዘመን አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፍን ነበር የምንላላከው። መልእክቱ ይነበባል፤ ግን ኦፊሴላዊ ነገር አይጻፍበትም። ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የገበሬ ስም በዚያ ዓይነት ጽሑፍ አይያዝም።

መስታወቱ ይህን ፈታው። "ለ"ን ስትነካው "ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ" ብቅ ይሉልሃል። ጣትህን ወደ ፈለግከው ትወስዳለህ።

ጅማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበዛል። ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ስሙ በመታወቂያው ላይ በቁቤ ተጽፏል፤ ቁቤ ላቲን ነው። አናባቢው ሲረዝም ይደገማል፤ ተነባቢው ሲጠብቅም እንዲሁ። የእንግሊዝኛው አራሚ ኪቦርድ ይህን ሲያይ ስህተት መስሎት "ያስተካክለዋል"፤ የሰው ስም ይበላሻል። መዝጋቢው ደግሞ ማስታወሻውን በአማርኛ ይይዛል። የቡናውን ዝርያና የማሳውን ኮድ በእንግሊዝኛ ይሞላል። አንድ ቅጽ ላይ ሦስት ኪቦርድ ማለት ነው። በመስታወት ላይ አንድ ምልክት ነክተህ ከአንዱ ወደ አንዱ ታልፋለህ። የትኛውም ባለቁልፍ የቢሮ ስልክ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ለእኛ ተች ስክሪን ከባለቁልፉ የተሻለ የሥራ መሣሪያ ነው። ይህን ያለ ማመንታት ነው የምናገረው።

እንዲህ ስል መስታወቱ ነውር የለውም ማለቴ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ወደ ማና ወይም ወደ ጎማ ወረዳ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ቀይ እሸት ቡና ሲፈለፈል ጭማቂው ይጣበቃል። እጅ ሁሌም እርጥብ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ መጣሁ ብሎ አያስጠነቅቅም። የዛሬ ስልኮች ስክሪን የሚሠራው በጣት ውስጥ በሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ጣት ሲነካው መስታወቱ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይዛባል፤ ስልኩ የት እንደተነካ ያውቃል። የውሃ ጠብታም እንዲሁ ያደርገዋል። ዝናብ ሲያርፍበት ስልኩ በራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያልጻፍከውን ይጽፋል። በሌላ በኩል ቆዳው የደነደነ ደረቅ ጣት ሲነካው ኤሌክትሪኩ በደንብ አያልፍም። ስልኩ ጣቱን አያይም።

ማና ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ ምዝገባ ላይ ነበርን። ቅጹ መጨረሻ ላይ "ተስማምቻለሁ" የሚል ቦታ አለ፤ ባለቤቱ ራሱ ነው መንካት ያለበት። ሐጂ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ነኩት። ምንም የለም። ደግመው ነኩት።

"ልጄ፣ አንተው ንካልኝ" አሉኝ።

"ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት መንካት ያለብዎት። የእርስዎ መሬት ነው።"

"እኔማ ነካሁት። እሱ ነው እምቢ ያለው።"

በመጨረሻ የልጅ ልጃቸው ነካችላቸው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን የሰውየው ስምምነት በሌላ ሰው ጣት ተመዘገበ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሠሩበት እጅ ምክንያት የራሳቸው ፈቃድ ከራሳቸው ጣት መምጣት አልቻለም። ይህ ለእኔ ከፍጥነትና ከዋጋ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ለቢዝነስ የተሠራ ነው ተብሎ የሚሸጥ ስልክ የገበሬን ጣት ካላወቀ፣ የማንን ቢዝነስ ነው የሚያውቀው?

ይህ ሁሉ ምዝገባ ለምን እንደመጣ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ምርት እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ቡና ከተዘረዘሩት ምርቶች አንዱ ነው። ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ አለመመረቱ መታየት አለበት። ለዚህ የእያንዳንዱ ማሳ ቦታ በካርታ ላይ ያስፈልጋል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን ተገፍቷል፤ የመመዝገቡ ሥራ ግን አልቆመም። በጅማ ዞን የሚለካው ማሳ አብዛኛው ትንሽ ነው፤ ቡናውም ጥላ ዛፍ ሥር ነው። ቅጠሉ ሲከብድ ስልኩ የሳተላይቱን ምልክት በደንብ አያገኝም። ልጆቹ ቆመው፣ ተራምደው፣ ተመልሰው ይለካሉ። ሁሉም ነገር በዚያ ስልክ ላይ ተንጠልጥሏል።

አንድ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ ተብሎ የተገዙ ስልኮችን ሰጠን። ዋጋቸው ውድ ነው። ጠንካራ ናቸው፤ ቢወድቁም ውሃ ቢነካቸውም ግድ የላቸውም። ስናያቸው ደስ አለን። ችግሩ የታየው ማሳ ላይ ስንደርስ ነው። ስልኮቹ ከአዲስ አበባ ተቆልፈዋል። ከአንዱ የምዝገባ አፕ በቀር ምንም አይጫንባቸውም። የአማርኛ ኪቦርድ የለም፤ የቁቤ ቃላት የሚያውቅም የለም። እንዲጫንልን ስንጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ ተባልን። ጻፍን። መልሱ ለቀማው ሲያልቅ እንኳ አልመጣም።

ልጆቹ ምን አደረጉ? ማንም የሚያደርገውን። የራሳቸውን ስልክ አወጡ። በራሳቸው ስልክ በአማርኛ ጻፉ፣ ፎቶ አነሱ፣ ማታ ላይ ወደ ተቆለፈው ስልክ ገለበጡ። የገበሬዎቹ ስምና የመታወቂያ ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሲዘዋወር ከረመ። መረጃውን ለመጠበቅ ተብሎ የተቆለፈው ስልክ፣ መረጃውን ምንም ጥበቃ ወደሌለበት ቦታ ገፋው። ቆላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን በሥርዓት ሠርቷል። ማሳ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ይኸው ነው።

ብላክቤሪ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በ2011 ፕሌይቡክ የሚባል ታብሌት አወጡ። ያ ታብሌት ሲወጣ የራሱ ኢሜይል አልነበረውም። ኢሜይል ለማየት ከብላክቤሪ ስልክ ጋር መገናኘት ነበረበት። ለኮምፒውተር ክፍሉ ይህ ደግ ነገር ነው፤ ታብሌቱ ቢጠፋ የድርጅቱ ምስጢር አብሮ አይጠፋም። ገዢው ሰው ግን ኢሜይል የሌለው ታብሌት ምን ያደርግለታል? በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው ያልተሸጡ ታብሌቶችን ዋጋ ቀንሶ 485 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ።

በጃንዋሪ 2013 ዜድ10 ወጣ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተች ስልክ ነበር፤ ኪቦርዱ ቃል ሲገምት ከብዙዎቹ ይሻላል። ግን ዘገየ፤ አፑም ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ ተነገረ፣ 4,500 ሠራተኛ እንደሚቀነስም ተገለጸ። ቢቢኤም የሚባለውን መልእክት መላኪያቸውንም ለሌሎች ስልኮች የከፈቱት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ዋትስአፕ ግን በ2009 ተጀምሮ፣ ያኔ በብዙ ዓይነት ስልኮች ላይ ይሠራ ነበር። በ2016 ስልክ መሥራቱን ለሌሎች ተዉት። ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 የድሮዎቹ ስልኮች አገልግሎት ተዘጋ።

ኖኪያና ፓልም የሄዱበት መንገድ ብዙም አይለይም። ፓልም በ2009 ፕሪ የሚባል ያማረ ስልክ ሠራ፤ የኮምፒውተር ኩባንያው ኤችፒ ፓልምን በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛውና በ2011 የስልክ ሥራውን ዘጋው። የኖኪያ ኢ71 ደግሞ እስካሁን ከማውቃቸው ባለቁልፍ ስልኮች ሁሉ ውብ ነው። ውበቱ ግን አላዳነውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ "አይሳካላቸውም" ወደሚለው የሚወስድ ይመስላል። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው።

ዜብራ ቴክኖሎጂስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አለ። በሱቅ አታዩትም። መጋዘን፣ ሆስፒታልና የፖስታ ማደያ ውስጥ ሠራተኞች የሚይዙትን መሣሪያ ይሠራል። በ2014 የሞቶሮላ ሶሉሽንስን የድርጅት መሣሪያዎች ክፍል በ3.45 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ድሮ ትልልቅ ነበሩ፤ ቁልፍ የበዛባቸው፣ በብዕር መሰል ዘንግ የሚነኩ፣ በማይክሮሶፍት ሶፍትዌር የሚሠሩ። ዛሬ አብዛኞቹ አንድሮይድ ላይ የሚሠሩ ተች ስልኮች ናቸው። ለቢዝነስ ብቻ የሚሠራ ኩባንያ ወደ ተች ተሻግሮ ገበያውን ይዞ ቆየ ማለት ነው።

እንዴት? እጁን አዩት። መጋዘን ውስጥ ሰው ጓንት ያደርጋል፤ ስለዚህ ስክሪኑን ጓንት እንዲያውቅ አደረጉት። ውጭ ዝናብ አለ፤ እርጥብ ጣት እንዲለይ አደረጉት። ሠራተኛው በቀን ብዙ ጊዜ ባርኮድ ያነባል፤ ለዚህ መስታወት መንካት አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ጎኑ ላይ እውነተኛ ቁልፍ ተዉለት። ለጽሑፉ መስታወት፣ ለተደጋጋሚው ሥራ ቁልፍ። አንዳንዶቹ ላይ ባትሪው ሥራው ሳይቋረጥ ይቀየራል። ሳምሰንግም በ2020 ኤክስከቨር ፕሮ ሲያወጣ በዚህ መንገድ ነው የሄደው፦ ወልቆ የሚቀየር ባትሪ፣ ጓንት የሚያውቅ ስክሪን፣ ሥራው እንደፈለገ የሚያዘው ተጨማሪ ቁልፍ። ስቶርም ያልመለሰውን ጥያቄ እነዚህ መለሱት። መስታወቱ የሚችለውን ለመስታወቱ ሰጡ፣ የማይችለውን ከመስታወቱ አወጡ።

ብላክቤሪ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በ2010 የገዛው ኪውኤንኤክስ የሚባል ሶፍትዌር ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ መኪኖች ውስጥ ይሠራል። ጥንቃቄያቸውና ቁጥብነታቸው ቦታውን አግኝቷል።

ወደ ጅማ መርካቶ ልመለስና፣ እዚህ የቢዝነስ ስልክ ማለት የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ነጋዴው የሚያሳያችሁ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ባትሪው እስከ ማታ የሚያደርሰው ስልክ ነው። ብዙ ጊዜ ቴክኖ ነው። የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። "የቢዝነስ ስልክ ነኝ" ብሎ አያውቅም። ግን እዚህ ሰው ሁለት ሲም እንደሚይዝና መብራት እንደሚጠፋ አየ። የቡና አቅራቢው ዋጋ በቴሌግራም ይሰማል፣ ብር በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ይልካል፣ የጭነቱን ፎቶ ለላኪው ያሳያል። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ አለች። መንገድ ላይ፣ ገጠር ውስጥ፣ ባትሪ ሲያልቅ የምታገለግለው እሷ ናት። *127# ብሎ ቴሌብር በእሷም ይሠራል። ነጋዴው ከየትኛውም ፋብሪካ ሳይማር መስታወትና ቁልፍን ለየሥራቸው ከፋፍሏቸዋል።

ከዘንድሮው ለቀማ በፊት ስልኮች እንደገና ሊገዙ ነው ተብሏል። በዚህ ጉዳይ በኮምፒውተር ክፍል ከሚሠራ ጓደኛዬ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሱ "የስልኮቹ መቆለፍ ይላላ ካልከኝ፣ አንድ ስልክ በጠፋ ቁጥር የስንት ገበሬ መታወቂያ ነው የሚጠፋው?" ይለኛል። ልክ ነው። የሐጂ መታወቂያ ፎቶ በማላውቀው ሰው እጅ እንዲገባ እኔም አልፈልግም። እኔ ደግሞ "የማይጻፍበት ስልክ ከሰጠኸን ፎቶው ቴሌግራም ላይ ነው የሚያድረው" እለዋለሁ። እሱም ይህን አመነ። ሁለቱ በአንድ ስልክ ላይ ሊታረቁ ይችላሉ፤ አንድሮይድ ለሥራ የተለየ የተቆለፈ ክፍል ከከፈተ ቆይቷል። የገበሬው መረጃ በዚያ ክፍል ውስጥ ይቆለፍ፣ ኪቦርዱ ግን ይፈቀድ ተባባልን።

የጥያቄ ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው። ስክሪኑ በእርጥብ እጅና በደነደነ ጣት ተሞክሮ ይገዛ ብለናል፤ ሙከራውም ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ማሳ ላይ፣ ገበሬው ራሱ ባለበት ይደረግ። ጎኑ ላይ "ነጥብ ያዝ" የሚል እውነተኛ ቁልፍ ይኑረው፤ ዙሪያ ሲለካ ዓይን ከመሬት እንዳይነሳ። ባትሪው የሚቀየር ይሁን። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ኪቦርድ ሳይጫንበት ከአዲስ አበባ አይውጣ። ጣት እምቢ ላለው ገበሬ ደግሞ ስምምነቱን በድምፁ የሚሰጥበት መንገድ ይኑር፤ ስሙን ጠርቶ "ተስማምቻለሁ" ብሎ ይቀዳ። ይህን የመጨረሻውን ያስገባው ጓደኛዬ ነው። ደብዳቤው ባለፈው ሳምንት ወጪ ተደርጓል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።